ያልተሰማው ፍሬቻ

ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእህቷ ለገለቴ አልነገረችም፤ ለንስሐ አባቷ እንኳ «አባ፣ ጠጥቻለሁ» ብላ ጀምራ ቀሪውን ዋጠችው፣ እሳቸውም አርባ ስግደት አዘው ሸኟት፤ መሪ ይዛ እንደነበረ፣ ከኋላዋ ቀይና ሰማያዊ መብራት እንደበራ፣ መንገድ ዳር በረዶ ላይ ቆማ በቱቦ ንፊ እንደተባለች፣ ያ ሁሉ ሳይነገር ቀረ። ዓመት አለፈው። አሁን ጂቱ አልጋዋ ላይ ተጋድማለች፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፣ ካናዳ፣ ዊኒፔግ በሚባል ከተማ፣ ሰው ቤት ስር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፤ ሌሊቱን አረጋውያን ስታገላብጥና ስታጥብ ስለምታድር መተኛት ያለባት በዚህ ሰዓት ነው፣ መጋረጃው ጥቁር ነው፣ የበረዶ ብርሃን ግን መጋረጃ አይገታውም፣ በጠርዝ በጠርዙ እየሾለከ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል፣ እንቅልፍ የለም። መንጃ ፈቃዷ ጠረጴዛው ላይ ነው። ትናንት ተመለሰላት። ፎቶው ላይ ያለችው ሴትዮ ልትናገር አፏን ከፍታ የተወችው ትመስላለች። ዓመት ሙሉ ስትለምነው የኖረችው ነገር እጇ ገብቷል፤ ታዲያ ለምን ትገላበጣለች? ነገ እሑድ ስለሆነ ነው። እሑድ አባቷ ስልክ የሚጠብቁበት ቀን ስለሆነ ነው።

አባቷ ኦቦ ዲሪርሳ ሠላሳ አራት ዓመት አይሱዙ የነዱ ሰው ናቸው። ከቡራዩ ካባ ድንጋይ ጭነው ሰበታ ያራግፋሉ፣ ከሱሉልታ አጣና ጭነው ይመለሳሉ፣ መንገዱን ጉድጓድ በጉድጓድ ያውቁታል። ዓይናቸውን ግላኮማ ከያዘው በኋላ መንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄዱ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አንብቡ ተባሉ፣ ከላይ ያለችውን ትልቋን ብቻ አንብበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቡራዩ፣ ከቤታቸው በር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የአምቦን መንገድ በጆሯቸው እያዩ ይውላሉ። «ይቺ ዶልፊን ናት፣ የሞተሯ ቀበቶ ላልቷል። ይሄ ቅጥቅጥ ነው። ይሄ አይሱዙ ነው፣ የያዘው ልጅ ነው፣ ማርሽ ይጮህበታል።» የሰፈሩ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱም ቆሞ ይፈትናቸዋል፣ ተሳስተው አያውቁም። ጂቱ እዚህ አገር አሮጌ መኪና የገዛች ዕለት ግን የበሩን ድንጋይ ረሱት። «የኔ ዓይን ጠፋ፣ የሷ ተተካ» እያሉ ለጎረቤት አወሩ፤ እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ መሪው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፣ እሳቸው እዚያ ሆነው አብረዋት ይሄዳሉ። አሁን የት ደረስሽ? ድልድይ ላይ ነኝ አባባ። ወንዙስ? በረዶ ሆኗል። ስንተኛ ማርሽ ላይ ነሽ? ማርሽ የለውም አባባ፣ ራሱ ነው የሚቀይረው። ወይ ጉድ፣ ታዲያ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ! ልትታጠፍ ስትል ደግሞ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ሲል «ጋሪዳ፣ ጎበዝ፣ ሰማሁት!» ይላሉ፣ ልክ ፈተና እንዳለፈች። ልጅ ሆና ጋቢና ውስጥ ሲያስቀምጧት ያስተማሯት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፦ ፍሬቻ የሾፌር ሰላምታ ነው፣ ሳትሰጪ አትታጠፊ፣ ሰው ባይኖርም ስጪ።

እሷ ደግሞ «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። ቡራዩ ሒሳብ ስታስተምር ተማሪዎቿ እንኳ ያውቁባት ነበር፣ «ቲቸር፣ ፈተናው ይራዘም» ካሏት ይራዘማል። ያን ዕለትም እንዲሁ ሆነ። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር ነበር፣ ተረኛዋ ትጊ ናት፣ ጎንደሬዋ፣ ሳቂታዋ ትጊ፣ በገዛ እጇ ጠጅ ጥላለች፣ ጌሾውን አገር ቤት ልካ ያስመጣችው። ጂቱ ሌሊቱን ሠርታ፣ ሳትተኛ ቅዳሴ ቆማ፣ ከቅዳሴ ወደ ማኅበሩ መጥታለች፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሆዷ የገባ ነገር የለም፣ ከድፎው ሁለት ጉርሻ ብቻ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ እሷ ስለሆነች የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ጽዋውን አንስተው ያስረክቧታል፣ ጽዋው ግማሽ ድረስ ጠጅ አለበት።

«እንቺ ልጄ፣ ለከርሞ ያድርስሽ።»

«አሜን። ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እኔ ግን መኪና...»

«መኪናሽን ሚካኤል ይነዳልሻል!» አለች ትጊ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«እንደያዘ አይኬድበትም፣ መንገድ ላይ ይደፋል» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ጸሎት የተደረሰበት ነው፣ መሬት አይነካም። ጨርሺው።»

ጨረሰችው። ትጊ እንደገና ቀዳችበት፣ «አንድ ብሎ ማቆም የለም፣ በሥላሴ ነው፣ በሞቴ፣ አፈር ስሆን!» ሦስተኛውንም ጠጣች። ጣፋጭ ነበር። እንግዲህ ይህ ነው ስህተቷ፣ ሌላ አገር ሰው ሊሠራው የማይችል ስህተት፦ ጠጁ መኪናዋ ውስጥ እንዳይደፋ ብላ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው። ባዶውን ጽዋ በነጠላ ጠቅልላ ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ የደኅንነት ቀበቶም አሰረችለት፣ ከዚያም ለጽዋው ክብር ብላ ቀስ እያለች ነዳች፣ ሁሉም በስድሳ በሚሄድበት መንገድ በሃያ አምስት፣ በሁለት መስመር መሀል፣ ሰው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል፣ እሷ «ሚካኤል ሆይ» ትላለች። የተያዘችው በዝግታዋ ነው። ፖሊሱ ገና ልጅ ነው፣ ጢሙ ላይ በረዶ አለ፤ ወደ ፖሊስ መኪና ሊወስዳት ሲል የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ያቺን ዕቃ መሬት እንዳታስቀምጣት። አላስቀመጣትም። ምን እንደሆነች ሳያውቅ በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጣቢያው ድረስ ወሰደላት፣ ጠረጴዛ ላይ አኖራት። ያንን ልጅ ስታስበው እስካሁን ያስለቅሳታል።

ከዚያ ወረቀቶች መጡ። ፍርድ ቤት፣ ቅጣት፣ ዓመት ሙሉ መንዳት ክልክል፣ ፈቃዱ ከመመለሱ በፊት ደግሞ የመጠጥ ችግር የምትመረምር አንዲት ሽበታም ሴትዮ ፊት ቀርቦ መጠየቅ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ውኃ ቀድታላታለች። በሳምንት ስንት ብርጭቆ ትጠጫለሽ? አልጠጣም። በወርስ? አልጠጣም። ታዲያ ያን ቀን ትንፋሽሽ ላይ የተገኘው ምንድን ነበር? ጽዋ ነው። ሴትዮዋ ብዕሯን አቆመች። ጂቱ እኮ እየዋሸች አይደለም፣ አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና ታስረዳታለች፣ እኛ አገር ጠጪ ማለት ሲመሽ አረቄ ቤት የሚገባው ሰውዬ ነው፣ ሚስቱ ፈልጋ የምታወጣው፣ ጽዋ እኮ በጸሎት ይቀመሳል፣ ሕፃንም ይቀምሳል፣ እኔ በሕይወቴ ጠጥቼ አላውቅም። ሴትዮዋ አንገቷን ነቀነቀች፣ ጻፈች። ደብዳቤው ሲመጣ «ችግሯን አልተቀበለችም» ይላል፤ ስለዚህ ጠጥተው ለነዱ ሰዎች የሚሰጠው አጭሩ ትምህርት ቀርቶ ረጅሙ ተሰጣት፣ አሥራ ስድስት ሳምንት፣ በየማክሰኞው፣ ክብ ሠርተው ከሚቀመጡ ሰዎች ጋር። መጀመሪያ ተናደደች። አራተኛው ማክሰኞ ላይ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ክብደትና ሰዓት ጽፎ ሲያካፍል የሒሳብ መምህርቷ በልቧ አብራ አካፈለች፣ አንድ ቀን ሙሉ ያልበላች ሴት፣ ሦስት ጽዋ፣ ሃያ ደቂቃ፤ መልሱ ወጣ፣ ከተፈቀደው በላይ። ደግማ ሠራችው፣ ያው ወጣ። ከዚያን ቀን በኋላ «አልጠጣም» ብላ አታውቅም። ከዚያ ቀድሞ በተራዋ ማኅበሩን ስታስተናግድ የወይን ጭማቂ አቀረበች፣ ትጊም «ጂቱዬ፣ ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?» አለቻት፣ ሰው ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ መኪናሽስ ሲሏት ተበላሽታለች አለች።

ይህ ሁሉ ግን እንቅልፍ አይከለክልም ነበር። የሚከለክላት ገፈርሳ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጋቢና ውስጥ ናት፣ ከአባቷ ጎን፣ በግድቡ በኩል ያለውን ኩርባ እየዞሩ ነው፣ ባሕር ዛፎቹ በቀኝ ናቸው፤ አንዲት ፒካፕ ከመንገዱ ወጥታ ጉድጓድ ውስጥ ተገልብጣለች፣ ጎማዋ ገና ይሽከረከራል፣ መንገዱ ላይ ጭነቱ የተበተነ አህያ ወድቋል፣ ከአህያው ወዲህ አንዲት ሴት እግሯን ይዛ ትጮኻለች። አባቷ ፍሬን ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። «ዓይንሽን ጨፍኚ፣ እስክመጣ እንዳትገልጪ» አሏት። ጨፈነች። የሰማችው ብቻ ነው ያለው፣ ሩጫ፣ ብረት ሲንኳኳ፣ ሰው ሲያቃስት፣ ከዚያ የካቲካላ ሽታ መስኮቱ ድረስ መጣ። ማታ እጃቸውን ሲታጠቡ እናቷን እንዲህ ሲሏት ሰማች፦ «ጠጥቶ የሚነዳ ለኔ ሰው አይደለም።» ጮክ ብለው አይደለም፣ ፎጣ አቀብዪኝ እንደሚሉ ያህል ነው። እሳቸው ሊነዱ ባሰቡበት ቀን ጠላ አፋቸው አይነኩም፤ ሱሉልታ የገዛ ወንድማቸው ሰርግ ላይ እንኳ ውኃ ጠጥተው ነው የተመለሱት፣ ዘመድ ተቀይሟቸዋል። ሰው አይደለም። ጂቱ ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ትራስ አድርጋዋለች።

ስለዚህ አልነገረቻቸውም፤ ባትነግራቸው ደግሞ እሑድ አለ። መኪናዋ ከደጅ በረዶ ለብሳ ቆማለች፣ አባቷ ደግሞ ስልክ ይጠብቃሉ፣ መንገድ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከአውቶቡስ መደወል ጀመረች። መጨረሻ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ አሁን ድልድዩ ላይ ነኝ አባባ፣ አሁን ወደ ቀኝ እየታጠፍኩ ነው፤ ሁለቱ እጆቿ ሳታውቀው ጉልበቷ ላይ ክብ ይሠራሉ፣ አንዲት አሮጊት አንድ ቀን እጆቿን አይታ ፈገግ አለችላት።

«ጂቱ፣ ሞተሯ ወፈረችብኝ።»

«የበረዶ ጎማ አስገብቼ ነው፣ አባባ።»

«ጎማ በሞተር ይናገራል እንዴ?»

«ብርዱም አለበት፣ አባባ።»

«ለምን ነው ቶሎ ቶሎ የምትቆሚው?»

«መብራት በዛ፣ አባባ።»

«በይ ተይው፣ የናንተ አገር መብራት ከኛ አገር ጉድጓድ ባሰ በይኛ!» ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ ከዚያ በሩ እስ ብሎ ይከፈታል፣ ምንድን ነው እሱ፣ ማሞቂያው ነው አባባ፣ ማሞቂያው። ዓመት ሙሉ። አምሳ እሑድ ያህል። ስልኩን ዘግታ ስትወርድ ጉንጮቿ ይነድዳሉ፤ ለዓይነ ስውር ገንዘብ ብሎ ወረቀት ያስጨበጠ ሰው እንደዚያ ሳይሰማው አይቀርም።

የመጨረሻው ማክሰኞ አስተማሪው አንድ ጥያቄ ጠየቀ፣ በዚህ ነገር ከሁሉ በላይ የዋሻችሁት ማንን ነው? ሰው በየተራው መለሰ፣ ሚስቴን፣ አለቃዬን፣ ራሴን። እሷ ጋ ሲደርስ ወለሉን አየች፣ አስተማሪውም አለፋት። አለማስገደዱ ነው ያሳመማት። አሁን ደግሞ ይህ መሣሪያ አለ። መንጃ ፈቃዱ ሲመለስላት መኪናዋ ውስጥ ገጥመውባታል፣ የእጅ ስልክ ያህላል፣ ካልነፉበት ሞተር አያስነሳም፣ ንጹሕ ትንፋሽ ካገኘ ጢጥ ይላል፤ በመንገድ ላይም በድንገት ይጮህና እንደገና ንፊ ይላል። ዓመት ይቆያል። አባቷ ደግሞ የላላ ቀበቶ ከሩቅ የሚሰሙ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገ ሁለት መንገድ ብቻ አለ፦ ወይ ዳግመኛ ከመኪና አትደውልላቸውም፣ እሳቸውም ያቺኑ የእሑድ መንገዳቸውን ያጣሉ፤ ወይም ትነግራቸዋለች፣ ከዚያም ከሰው ቁጥር ትወጣለች።

ቅድም፣ ገና ከሥራ ስትገባ፣ ገለቴ ደውላ ነበር። ገለቴ ከአባታቸው ጋር የምትኖረው ታናሿ ናት፣ ወሬ ስትጀምር አትተነፍስም።

«የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጨለመ እኮ፣ ጂቱዬ። ቀኙ ጥላ ጥላ ያያል። እሑድ ሲሆን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የሚቀመጡት፣ ሻይ እንኳ ብሰጣቸው በኋላ ይላሉ። አንቺ ስትዘጊ ግን ሰሞኑን ዝም ይላሉ።»

«ምን ይላሉ?»

«ዝም ይላሉ አልኩሽ። አንዴ ብቻ 'ልጅቷ ተቸግራለች' አሉ። ምን ተቸገርሽ?»

«ምንም።»

«እኔም እሱን ነው ያልኳቸው።»

ልጅቷ ተቸግራለች። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ቀስ እያለ ወደ ጣራው ወጣ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጠፋ። ከላይ ያሉት የቤቱ ባለቤቶች እራት በሉ፣ ወንበር ጎተቱ፣ ተኙ። ዛሬ ተረኛ አይደለችም። ለነገ የምትናገረውን በአማርኛ አዘጋጀችው፣ ከበደ፤ በኦሮምኛ ሞከረችው፣ ባሰ፤ በእንግሊዝኛ በጣም ቀላል ነው፣ ለሴትዮዋም ለፍርድ ቤቱም ብላዋለች፣ ግን አባቷ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሲነጋ ገደማ ትንሽ አሸለባት። ገፈርሳን አየች፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በረዶውን ከመስታወቱ ጠራረገች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች። ሞተሩን አላስነሳችም። ቡራዩ አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ፀሐይ ወደ መናገሻ በኩል ልትገባ ነው። ደወለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ ተነሣ።

«አከም ኦልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እንዴት ዋልሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ነጋዳ፣ አባባ። መኪና ውስጥ ነኝ።»

«እህ።»

«ሞተሩን ገና አላስነሳሁም። አባባ...» ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋ። «ዓመት ሙሉ አልነዳሁም። ስደውልልዎ የነበረው ከአውቶቡስ ነው። መንጃ ፈቃዴን ወስደውብኝ ነበር። ጠጥቼ ነድቼ ነው።»

ከወዲያ በኩል ከባድ መኪና አለፈ፣ ማርሽ ሲቀይር ተሰማት። አባቷ ምን መኪና እንደሆነ አልተናገሩም።

«ሰው ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

«እንስሳስ?»

«አልነካሁም፣ አባባ።»

«ተመስገን በይ።»

«ተመስገን።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው ሲያዞሩ ተሰማት።

«አውቶቡስ መሆኑን አውቄዋለሁ» አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት የነዳሁ ሰው አውቶቡስ አላውቅም? ፍሬቻ እንኳ አንድ ቀን አልሰማሁም። እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። ለምትልኪልኝ የዓይን መድኃኒት ብለሽ መኪናሽን ሸጠሽ፣ እንዳላዝን የደበቅሽኝ መሰለኝ። ያንን ጠብታ ባደረግሁ ቁጥር ጎማሽን የምበላ ይመስለኝ ነበር። ብጠይቅሽ ታለቅሺያለሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ጂቱ ግንባሯን መሪው ላይ ደገፈች። መሪው ቀዝቃዛ ነው። «ጠጥቶ የሚነዳ ሰው አይደለም ብለው ነበር» አለች፣ ድምፅዋ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገፈርሳ ላይ ጠጥቶ የተገለበጠውን ያንን ሰውዬ ግን ከጉድጓዱ በጀርባዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር።»

አለቀሰች። እሳቸው ጠበቁ፤ ገለቴ ከጓሮ «ምን ሆነች?» ስትል ተሰማ፣ «ምንም አልሆነች፣ ልትነዳ ነው» አሏት። ከዚያ ስለ መሣሪያው ነገረቻቸው፣ ካልነፉበት እንደማይነሳ፣ በመንገድም እንደሚጮህ፣ ዓመት እንደሚቆይ።

«ትንፋሽ አሽትቶ ነው የሚያስነሳው?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ። ይሄ እኛ አገር ቢመጣ ከሰበታ አንድ አይሱዙ አይወጣም ነበር!» ሳቃቸው ሳያልቅ ቆመ። «በይ ንፊ። ልስማው።»

ነፋች። ጢጥ አለ። ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ በብርዱ ሁለቴ አንገራገረና ተነሣ፣ ወንበሩ ከሥሯ ተንቀጠቀጠ።

«እሷ ናት» አሉ አባቷ ቀስ ብለው። «አወቅኋት።»

ከቤቱ ፊት ያለው መንገድ ባዶ ነበር። ከዳር እስከ ዳር በረዶ ነው፣ መኪና የለም፣ ሰው የለም። ጂቱ የግራ ፍሬቻውን ሰጠችና ስልኩን ወደ መሪው አስጠጋችው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቡራዩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ታውቃለች።

«ጋሪዳ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ወደ መንገዱ ውጪ።»

ወጣች።